ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ሰኔ 22

ለውድ እህቴ፣

ይህች ወረቀት አንቺንም እናታችንንም በጤና ታግኛችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ልጄን በአንቺ እጅ ትቼ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን በእሷ ነገር ሰግቼ አላውቅም። ይህንን የምልሽ ለማመስገን ነው እንጂ ቀጥዬ ለምጽፈው ጉዳይ መደላድል ለማበጀት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመደላድልም ነው።

የልጄን የመልቀቂያ ፈተና ውጤት ሰማሁ። ስልክ ላይ እያለቀሰች «አባዬ፣ ለጥቂት እኮ ነው» አለችኝ። ለጥቂት መቅረት የቤታችን በሽታ ነው። በውጤቷ ካልገባች ከፍላ መማር ሊሆንባት ነው። እኔ ግን አምና የነገርሽኝ ነገር ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲያችሁ አሥር ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ከቤቱ አንድ ሰው ያለ ክፍያ ያስተምራል ብለሽኝ ነበር፤ ሠራተኛውን ራሱን፣ ወይም የትዳር ጓደኛውን፣ ወይም በቤቱ የሚያድግ ልጅ። አንቺ የመማሪያ ክፍሎቹን ቁልፍ ከያዝሽ አሥር ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ባል የለሽም፣ ልጅም አልወለድሽም፤ በቤትሽ የምታድገው የእኔ ልጅ ናት። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ ነው። አስመዝግቢያት።

ለክረምቱ እንደ ወትሮው ገንዘብ እልካለሁ ብዬሽ ነበር። ሥራ ቦታ የሚስተካከል ነገር ስላለ አትጠብቂኝ። ምንም አይደለም። አንቺ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ምዝገባውን ሳታሳድሪ ጨርሺው።

በስልክ ያልነገርኩሽ የአባታችንን ልማድ ለመጠበቅ ነው፤ ቁምነገር በወረቀት፣ ጭቅጭቅ በአፍ።

እንደ አባት የሚያስብልሽ
ታላቅ ወንድምሽ


ሐምሌ 18

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ያንተን ደህንነት ሌት ተቀን እንመኛለን። መልሱን ያዘገየሁት የክረምት ተማሪዎች ስለገቡ ነው። ክፍሎቹን በማለዳ ከፍቼ፣ ሲመሽ ዘግቼ፣ ቁልፉን ለጥበቃ አስረክቤ ቤት ስደርስ ብዕር የማነሳበት አቅም የለኝም።

የእናታችን ጉልበት በዝናቡ ብሶበታል። ሐኪሙ «እንዳይቀመጡ፣ እንዳይቆሙ» አላትና «ታዲያ ልንጠልጠል?» ብላው መጣች። የጓዳው ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ባልዲ ደቅነናል። እኔም ሥራ ቦታ ከሰባት ቁጥር ክፍል ጋር እየታገልኩ ነው። በሩ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ በትከሻዬ ወደ ውስጥ ካልገፋሁት አይከፈትም። እንጨት ሠሪው መጥቶ አየውና ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ልጅህ ደህና ናት። አሁን ሁላችንም «አለቃ» ነው የምንላት፤ ከእናታችን በቀር የማታዘው ሰው የለም። እናታችንንም እየሞከረች ነው። ስለ ምዝገባው ጉዳዩ በእጄ ነው፤ አታስብ።

የእጅ ጽሑፍህ ግን ምን ነካው? ዶሮ የጫረችው መስሏል። ሰው እያስጻፍክ ነው? ሥራ ቦታ የሚስተካከለውስ ነገር ምንድን ነው?

አክባሪ እህትህ


ነሐሴ 3

ለውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ። ስለ ጉልበት አነበብኩ፤ ስለ ጣራ አነበብኩ፤ በሕይወቴ አይቼው ስለማላውቀው ሰባት ቁጥር በር እንኳ በሰፊው አነበብኩ። ስለ ልጄ ግን «በእጄ ነው»፣ አለቀ። አውቅሻለሁ። ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ስለ ጎረቤት ድመት ማውራት ትጀምሪ ነበር። አሁን የተሰበረው ምንድን ነው?

ልጄን ስጠይቃት «አክስቴን ጠይቃት» ትለኛለች። ሁለታችሁ መክራችሁብኛል።

የእጅ ጽሑፌን ተዪው፤ ብዕሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ የልጄ ስም ገብቷል ወይስ አልገባም? ደግሞ ልነግርሽ ያላሰብኩትን ልጨምር። ዘንድሮ ከፍዬ ላስተምራት አልችልም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ያለን መንገድ ይኸው ያንቺ ዕድል ብቻ ነው።

እንደ አባት የሚያስብልሽ
ታላቅ ወንድምሽ


ነሐሴ 16

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ።

አልገባም። የገባው የእኔ ስም ነው።

አሁን ደግሞ ወረቀቱን ሳትቀድ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ደንቡ ለሠራተኛው ለራሱ እስከ አርባ አምስት ዓመት ድረስ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ዘንድሮ ካልገባሁ በሩ በእኔ ላይ ለሁልጊዜው ይዘጋል። በሠራተኛ ቤት ለሚያድግ ልጅ ግን እስከ ሃያ አምስት ዓመት ክፍት ነው። ዕድሉ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ስለሆነ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ አምስቱን ዓመት ስጨርስ እሷ ትገባበታለች። እስከዚያ ደግሞ ድጋሚ ተፈትና በራሷ ውጤት መግባት ትችላለች፤ የቀራት ጥቂት ነው፣ አንተም ሰምተሃል።

ለመግቢያ ፈተናው ያዘጋጀችኝ ማን መሰለችህ? ልጅህ ናት። በማለዳ አብራኝ እየመጣች፣ ተማሪ ሳይገባ ሰባት ቁጥርን ከፍተን፣ እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ እኔ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እሠራለሁ።

«አክስቴ፣ ይህን እኮ ትናንት ሠርተነዋል!»

«ትናንት የሠራው ሌላ ሰው ነው።»

«እሺ፣ የዛሬዋ ሴትዮ ደግሞ ትሥራው።»

ቤት ገብቼም ደብተር ስዘረጋ እናታችን «እሱን እጠፊና ሽንኩርት ክተፊ» ትለኛለች። እየከተፍኩ በሆዴ አሰላለሁ። አለፍኩ፣ ወንድም ጋሼ። በደህና ውጤት አለፍኩ።

ነገሩን አሳምሬ እንዳልነግርህ። ስሜን ያስገባሁ ቀን ልጅህ፣ አለቃችን፣ «ጥሩ» አለችኝና ለቀናት ዘጋችኝ። እሷም ትፈልገዋለች። ይህንን አልደብቅህም። እኔም እፈልገዋለሁ፤ ይህንንም አልደብቅህም።

የምማረው ሒሳብ ነው። ምን ታደርጊበታለሽ ትለኛለህ። አላውቅም። ጠዋት ክፍል ስከፍት ማታ የተጻፈ ሒሳብ ሰሌዳው ላይ አድሮ አገኛለሁ። ከላይ ጀምሬ አብሬው እወርዳለሁ፤ መሃል ላይ ስደርስ መንገዱ ይጠፋብኛል። ከዚያ ጽዳቶቹ መጥተው ያጠፉታል። ይህን ያህል ዓመት መጨረሻውን ሳላውቅ ነው የጠፋው። መጨረሻውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ድሮ እኛ ቤት ለአንድ ሰው የሚበቃ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲገኝ ላንተ ሆነ። ደስ ብሎኝ ጫማህን እቦርሽ ነበር፤ ዛሬም አልቆጭም። ግን አንተው በጻፍከው ደብዳቤ ላይ «ሠራተኛውን ራሱን» የሚለው ከሁሉም ቀድሞ ተቀምጧል። ባል የለሽም ብለህ አንዱን ሰረዝክ፣ ልጅ አልወለድሽም ብለህ የራስህን ልጅ አስገባህ፤ እኔን እንዴት ዘለልከኝ?

ከፍዬ ላስተምራት አልችልም ያልከው አሳስቦኛል። ለምን እንዳልጠይቅህ ከልክለኸኛል። እኔ ግን እየጠየቅኩህ ነው።

አክባሪ እህትህ


ነሐሴ 25

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ካረጁ አይበጁ ይላል ሰው፤ እኔ አላልኩም። በአባታችን ቦታ ያለሁት እኔ ነኝና የሚገባውን አድርጌያለሁ። እናታችንን ሳሚልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ


መስከረም 2

ወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥህ። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ሰላምታ አልወጣልህ አለኝ።

«የሚገባውን አድርጌያለሁ» ያልከው ምን እንደሆነ ገባኝ። ጠዋት የሰው ኃይል ኃላፊዋ አስጠራችኝ። ወይዘሮ ማኅተም ነው የምንላት፤ ማኅተሟን ከእጇ አውጥታ ስታስቀምጥ ያያት ሰው የለም። ፊቷ ላይ ያንተ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ሽማግሎች ነገሩን ከሥሩ መርምረን፣ የትምህርቱ ዕድል ለልጅቷ እንዲሆን፣ አክስቲቱም በዕድሜዋ እንድትከበር ወስነናል።» እንድትከበር! በዚህ አርባ አምስት ባልሞላ ዕድሜዬ!

መነጽሯን አውልቃ «እነዚህ ሦስት ሰዎች ቤተሰብ ናቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ካንተ ወሬ አውቃለሁ፤ ሦስተኛውን አላውቀውም።

«የወንድሜ ሽማግሎች ናቸው» አልኳት።

«ሽማግሌ የሚቀመጠው ጠብ ሲኖር ነው» አለችኝ። «ስለዚህ ጠብ አለ።»

እኔም ለመንኳት፤ ጠብ የለም፣ ወንድሜ ልማድ ሆኖበት ነው አልኳት። አልሰማችኝም። ከዓመታት በፊት ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ዕድል ተጓትተው ዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ቤት አቁመውት ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጣው ደንብ ቤተሰብ የተጣላበት ዕድል ይታገዳል። ለእኔም ታግዷል፣ ለልጅህም ታግዷል። እግዱ የሚነሳው ያመለከተው ሰው ራሱ ከነሽማግሎቹ ፈርሞ «ተስማምተናል፣ የምትማረው እሷ ናት» ብሎ ሲጽፍ ነው። ዋናው ወረቀት መምጣት አለበት። መዝገቡ መስከረም 30 ይዘጋል።

ለልጅህ የሚሰጣት መስሎህ ነበር፣ አይደል? የቆጡን አወርድ ብለህ የብብታችንን ጣልከው። ደወልኩልህ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። እኔ አንተን አከብርሃለሁ፤ ተናድጄብህ የማላውቀውም ስለማከብርህ ነው። ዛሬ ግን ተናድጄብሃለሁ። እኔን ልትከለክለኝ ብትፈልግ ለእኔ ነበር መጻፍ። ቤት ያለውን ነገር ቢሮ ወስደህ ዘረጋኸው፤ አሁን ባልደረቦቼ ቁልፍ ሲቀበሉኝ ከንፈር ይመጥጡልኛል።

ጻፍላቸው። ዛሬውኑ ጻፍላቸው።

እህትህ


መስከረም 12

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መልስ የለም።

ፖስታ ቤት በየቀኑ እያለፍኩ ነው፤ ሠራተኛዋ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ወይዘሮ ማኅተምም በኮሪደር ስንገናኝ «መጣ?» ትለኛለች። በክፋት አይደለም፤ እሷም የምትጨነቅልኝ ይመስለኛል። ግን ያለ ወረቀት አትንቀሳቀስም።

ለአለቃ ነገርኳት። «ላንቺም ለእኔም ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» ብላ ጮኸች። አንተን ነው የተቆጣችው፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ ተነስታ ሰሃን አጠበች። ሰሃኖቹ ተርፈዋል። ሲበርድላት «ሰባት ቁጥርን ነገ በማለዳ ክፈቺው፤ እስኪከለክሉን እንቀጥላለን» አለችኝ። እየቀጠልን ነው። ለምን እንደምንቀጥል ግን ሁለታችንም አንናገርም።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ስልክህን የማታነሳው ተቆጥተህ ነው ወይስ አንድ ነገር ሆነህ? የእጅ ጽሑፍህ፣ የክረምቱ ነገር፣ «ከፍዬ ላስተምራት አልችልም» ያልከው፣ ሁሉንም ስደምረው ደስ የማይል ቁጥር ይመጣብኛል። ቁጣህን እችለዋለሁ፤ ዝምታህን ግን አልችለውም። ለእነሱ መጻፍ ካቃተህ ለእኔ ጻፍልኝ። ደህና ነኝ ብቻ በል።

እህትህ


መስከረም 17

ለውድ እህቴ፣

እግዚአብሔር አንቺንም ልጄንም እናታችንንም ይጠብቅልኝ። ከዚህ ወረቀት ጋር ለቢሮው የተጻፈውን ታገኛለሽ። ፊርማዎቹ ሁሉም አሉ፤ ቁጠሪያቸው።

እንዴት እንደተገኙ ልንገርሽ። ሽማግሎቹን ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። በፊትም የተቀመጡት እዚያው ነበር። «የፈረማችሁትን እንድታነሱልኝ ነው» ስላቸው ልብስ ሰፊው «የሽማግሌ ቃል ጨርቅ ነው እንዴ፣ ተቆርጦ የሚሰፋ?» አለኝ። ታክሲ ነጂው ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያውኑ ለምን አስቸገርከን? ደሞዝተኛ ሰው ነህ፣ ልጅህን ከፍለህ አታስተምርም?» አለኝ።

ዝም ብል ወረቀቱ አይፈረምም፤ ብናገር ደግሞ ስደብቀው የከረምኩት ነገር ይወጣል። መስከረም 30 ያልሽው ቀን ዓይኔ ላይ ነበር። ተናገርኩ።

ሥራ የለኝም። ከግንቦት ጀምሮ የለኝም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ቀኝ ትከሻዬ ተቀደደ፤ «ሲሻልህ ና» ብለው ላኩኝ። አልተሻለኝም። ይህን የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነው፤ ዶሮዋ እሷ ናት። ስልኬን ያላነሳሁት ድምፄን ሰምተሽ እንዳታውቂብኝ ነው። ለሦስቱ ሰዎች «እህቴ የልጄን ዕድል ልትወስድ ነው» ብዬ ነበር የነገርኳቸው። እኔ ባዶ እጄን መቅረቴን አልነገርኳቸውም። የስፌት መኪናው ቆመ። ይህን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ያ የማታውቂው፣ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። «እንግዲያ ጥፋቱ የትከሻህ ነው እንጂ የእህትህ አይደለም» አለና ብዕር ጠየቀ። ረቂቁ ላይ ከስሜ ሥር «የቤተሰቡ ኃላፊ» ብዬ ጽፌ ነበር። አናጺው «የማን ኃላፊ?» አለኝ። ሰረዝኩት። በንጹሕ ወረቀት «ወንድሟ» ብዬ ገለበጥኩት። ታክሲ ነጂው ወደ እናንተ የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ አግኝቶ በእጁ ሊሰጥልኝ ቃል ገብቷል፤ በፖስታ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

ትክክል ነሽ አላልኩሽም። ልጄ ብትቀድም ይሻል ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። ግን ያቺን «እንዴት ዘለልከኝ?» ያልሽኝን ደጋግሜ አነበብኳት።

ለእናታችን ስለ ትከሻዬ አትንገሪያት። የምልከው የለኝም። ከምርቃት በቀር የለኝም፤ ተቀበዪኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 6

ለወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፣

ፈጣሪ ትከሻህን ይጠግንልህ፤ ምርቃትህንም ተቀብያለሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን። ለእናታችን ነገርኳት። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝና መዋሸት አልቻልኩም። አላለቀሰችም። «ትከሻውን ማን እያሸለት ነው?» ብቻ አለች። ከዚያ ወዲህ ባንተ አልጋ ላይ የተከመረውን ልብስ እያነሳች ታጥፋለች። «ለምንድን ነው?» ስላት «አልጋ ባዶ ሲሆን ሰው ይመጣበታል» አለችኝ። እኔም የምጨምርበት የለኝም። እዚያ መቆየት ካለብህ ቆይ፤ መምጣት ካለብህ ግን አፍረህ እንዳትቀር። እኛ አንተን የምንፈልግህ ስለምትልክልን አይደለም። ይህን ድሮ ልንነግርህ ይገባን ነበር።

መንገደኛው ወረቀቱን ይዞ የመጣው መዝገቡ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ለወይዘሮ ማኅተም ስሰጣት ቆማ አነበበችው። ፊርማዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ወንድሟ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «በፊት ኃላፊ ነበር» አለችኝ። «አሁን ወንድሜ ነው» አልኳት። ማኅተሟን መታችው፤ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ።

አለቃ ለድጋሚ ፈተናው ተመዝግባለች። ጠዋት ጠዋት ሰባት ቁጥር አሁንም የእኛ ነው፤ አሁን ግን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እሷ ትሠራለች። ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም። አንዳንድ ቀን ደብተሬን ስታየው ፊቷ ይለዋወጣል፤ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ካለፈች ይቀላታል። ካላለፈች ግን አምስት ዓመት በእኔ ጀርባ ትቆማለች፤ ይህን እያወቅኩ ነው የተቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትናንት ማታ ነበር፤ የደረሰን ክፍል ሰባት ቁጥር ነው። ስደርስ ተማሪዎቹ ኮሪደሩን ሞልተውታል፤ ሁሉም ከሥራ የመጡ፣ ሁሉም በዕድሜ ከእኔ ያነሱ ናቸው። መምህሩም መጽሐፉን ታቅፎ ከእነሱ ጋር ቆሟል፤ የሚላጭ ጢም ገና ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። ቁልፉን ወገቤ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ። «እናቴ፣ ደረስሽልን፣ ክፈቺልን» አለኝ። ከፈትኩላቸው። እንደ ልማዱ በትከሻዬ ገፋሁትና ጎን ቆሜ አሳለፍኳቸው፤ ይህን ያህል ዓመት የለመድኩት እሱን ስለሆነ እግሬ ሳላዘው ቆመ። ሁሉም ገብተው ወንበር ያዙ። መምህሩ ሰሌዳውን እያጠፋ፣ ሳይዞር፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ፣ በሩን ዘግተሽልን ሂጂ» አለኝ።

ደብተሬ ከቁልፉ ጋር እጄ ላይ ነበር። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁት። ከውስጥ ነው የዘጋሁት።

እህትህ